ቅዳሜና እሑድን በደሴ በኳስ፣ በሩጫና በአንድ ፊልም ለማሳለፍ

ደሴ ላይ ቅዳሜና እሑድን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማሳለፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ፣ በክረምት ቀኑን ሙሉ ከተማውን የሚሸፍነው ጉም፣ ሳምንቱን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲል የከረመው እግር፣ ሁሉም ጋቢ ተከናንበው እንዲቀመጡ ይጋብዛሉ። ሆኖም ሁለቱን ቀናት በስፖርትና በፊልም ለማረፍ ካሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ እሑድ ማታ ከዓርብ ማታው የባሰ ደክመው ይገኛሉ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ፤ አንዱ ጨዋታ ሌላውን እየጎተተ ያመሻል፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ፊልም ስቀያይር እቆያለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ምን እንዳየሁ ብጠየቅ ግን በቅጡ የምናገረው አልነበረኝም። ከብዙ ሙከራ በኋላ የያዝኩት ደንብ አጭር ነው፤ በቀን አንድ ውድድር፣ በሁለቱ ቀናት ውስጥ አንድ ፊልም፣ ሁለቱም አስቀድመው የተመረጡ፣ ከሰው ጋር የሚታዩና እስከ መጨረሻቸው የሚታዩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ ደንብ በደሴ ኑሮ ውስጥ እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውል ነው።

ዓርብ ማታ

ዓርብ ማታ የሚደረገው ዝግጅት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ዕረፍት መሆን አለመሆናቸውን የሚወስነው ግን እርሱ ነው። በመጀመሪያ የጨዋታዎቹን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ላይ ይጻፉና ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ግራ ሲጋባ አያለሁ፤ ምክንያቱም እንግሊዞች በመጋቢት ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፣ የጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይመልሱታል፤ የእኛ ሰዓት ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቅዳሜ የተለመዱት ጨዋታዎች ከቀኑ 9፡30፣ ከምሽቱ 12፡00 እና ከምሽቱ 2፡30 ላይ ሲጀመሩ፣ የእሑዶቹ ደግሞ ከቀኑ 11፡00 እና ከምሽቱ 1፡30 ላይ ይውላሉ። በቀሪው ጊዜ ሁሉም በአንድ ሰዓት ቀደም ይላሉ፤ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 8፡30፣ የመካከለኛው 11፡00፣ የመጨረሻው 1፡30 ይሆናል፤ የእሑዶቹም 10፡00 እና 12፡30።

ከእነዚህ በቀን አንዱን ብቻ ይምረጡ። ምርጫዬን ብጠየቅ የቅዳሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ እመርጣለሁ፤ ሲያበቃ ገና ስላልመሸ ለእራትም፣ ለሶላትም፣ ለፊልሙም ጊዜ ይተርፋል። በበጋው ወራት 12፡00 ላይ የሚጀመረው የመካከለኛው ጨዋታ ግን ልክ መግሪብ በሚሰገድበት ሰዓት ላይ ስለሚያርፍ፣ በረመዳን ደግሞ ከፊጥር ጋር ስለሚጋጭ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚቀመጡበት የወሎ ቤት ውስጥ ግማሹን ተመልካች ያስነሳል። ይህ የመካከለኛ ሰዓት ጨዋታ በራሷ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን በቀጥታ የማይታይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሰዎች ስታዲየም መሄዳቸውን እንዳይተዉ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የቆየ ክልከላ ነው። በዚህ ረገድ ደሴ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ተመልካች ለንደን ካለው ይልቅ የታደለ ነው።

ቀጥሎ መብራትና ምልክት ይመጣሉ። ስልክዎን፣ ፓወር ባንክዎንና ላፕቶፕ ካለዎት እርሱንም ዓርብ ማታ ሞልተው ይደሩ። የዲኮደሩን ክፍያ ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሳይሆን ዓርብ በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈሉ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍል ክፍያው ተቆርጦ ሥዕሉ ሳይመጣ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽም ይመልከቱ፤ ነፋስ ብሎኑን አላልቶት ከሆነ ጥቂት ዝንባሌ እንኳ ምልክቱን ያሳጣል። ከሳተላይት ወደ ዲሹ የሚመጣው ሞገድ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ በመሆኑ ከባድ ዝናብ በቀላሉ ይመጠውና ያዳክመዋል፤ ስለዚህ በነሐሴ የአውሮፓ ሊጎች ሲጀመሩ ደሴ ላይ ዝናቡ እየወረደ ሥዕሉ ቢቆራረጥ ሪሲቨሩን መነካካት፣ ቻናል እንደገና መፈለግ ወይም ልጅ ጣሪያ ላይ ማውጣት ጥፋት ነው። ዝናቡ ሲቀል ሥዕሉ በራሱ ይመለሳል። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሰው መውጣት ፈጽሞ የለበትም።

ፊልሙንም ዓርብ ይያዙ። ከኢንተርኔት የሚያወርዱት ከሆነ ሌሊት ላይ መስመሩም ይፈጥናል፣ ጥቅሉም ይረክሳል፤ ለአንድ የሁለት ሰዓት ፊልም በመካከለኛ ጥራት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ይበቃል። በርካታ የአማርኛ ፊልሞች በባለቤቶቻቸው ዩቲዩብ ላይ ስለሚጫኑ ከዚያ ማየት ለሠሪዎቹም ገቢ ይሆናቸዋል፤ በየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጠው ግን ለሠሪው ሳንቲም አያስገባለትም፣ እኔም ከተውኩት ቆይቻለሁ። ራስዎ የቀረጹትን ወይም በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን ፊልም በፍላሽ ወደ ቴሌቪዥን የሚወስዱ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ፍላሾች ከፋብሪካ ሲወጡ የተደራጁበት ፋት 32 የተባለው አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል እንደማይቀበል ያስታውሱ። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ "ቦታ የለም" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙን አምስት ደቂቃ ያህል ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍተው ድምፁና ሥዕሉ አብረው መሄዳቸውን ካላረጋገጡ ዝግጅቱ አልተጠናቀቀም።

ብርድና ከሰል

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ ከኳሱም ከፊልሙም ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቱ አጥንት ይሰብራል። ሰውም ለማታው ፊልም ተሰብስቦ በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ የከሰል ምድጃውን መካከል ላይ ያስቀምጣል። ከሰል በታፈነ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሰውየውም እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ይሄዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ እናቴ ፊልሙ ሳያልቅ ራሴን አመመኝ ብላ ስትነሳ ተንገዳገደች፤ እኛ ግን ፊልሙ ሰልችቷት እንቅልፍ መጣባት ብለን ነበር። እህቴ በሩን በርግዳ ወደ ደጅ ባታወጣት ኖሮ ዛሬ ይህን በዚህ መንገድ አልጽፈውም ነበር። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው ፍም እስኪሆን ይጠብቁ፤ ይሁን እንጂ ፍም መሆኑ ብቻውን ከጋዙ አያድንምና ምድጃው ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ መስኮት ክፍት ይሁን፣ ሰው ሳይተኛም ይውጣ። ብርዱን ጋቢና ብርድ ልብስ ይችሉታል። ከተቀመጡት መካከል አንዱ ራሴን አመመኝ ወይም አቅለሸለሸኝ ካለ ፊልሙን አቁመው ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ።

ቅዳሜ

ጨዋታውን የት እንደሚያዩ ይወስኑ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ማየት የራሱ ደስታ አለው፤ ጎል ሲቆጠር አብሮ የሚነሳውን ጩኸት ቤት ውስጥ የሚተካው የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት ለታላቅ ጨዋታ እንጂ ለየሳምንቱ ዕረፍት አይሆንም፤ አየሩ ይታፈናል፣ ወንበሩ ያማል፣ እናትና ሕፃናትም አይገቡበትም። ከሁሉ በላይ ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ውርርድ አለ። ገንዘብ የተያዘበት ጨዋታ ዕረፍት አይደለም፤ ሰውየው ኳሱን መመልከቱን ትቶ በስልኩ የሌሎች አራትና አምስት ጨዋታዎችን ውጤት ሲጠብቅ ይውላል፣ ከተበላ ደግሞ ቀኑ በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ አቋሜ የማያወላዳ ነው፤ ለማረፍ የሚፈልግ ሰው ቲኬት አይቁረጥ።

ቤት ውስጥ የሚያዩ ከሆነ ቡናውን ከጨዋታው ጋር ማስማማት እንዴት ደስ እንደሚል ይሞክሩት። አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱና ከነጭማሪ ደቂቃው ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የወሎ ቡናም በችኮላ ካልሆነ ከዚህ ብዙ አያንስም። ቡናው የቡድኖቹ አሰላለፍ ሲነገር ቢቆላ፣ አቦሉ በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ይደርሳል፣ ቶናው በዕረፍቱ 15 ደቂቃ ይጠጣል፣ በረካውም ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሊነፋ ሲል ይቀዳል፤ ምርቃቱና ዱዓው ከዚያ በኋላ ይከተላል። የገብስ ቆሎ፣ የሽምብራ አሹቅ ወይም ፈንዲሻ አብሮ ይቅረብ። ከባድ ምግብ ለጨዋታው ሰዓት አይሆንም፤ ሰው ይበላና ከዕረፍት በኋላ ያንቀላፋል።

ኳሱን ለማየት ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ዓይን ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ይህን ይተዉና ኳስ ያልያዘ አንድ ተጫዋች ይከተሉ። የተከላካይ አማካዩ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስንት ጊዜ እየዞረ እንደሚመለከት፣ የቡድን ጓደኛው ወደፊት ሲሄድ የተወውን ቦታ እንዴት ሄዶ እንደሚሸፍን፣ ኳስ ሳይደርሰው እንዴት መንገድ እንደሚዘጋ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ጎሉ ሲቆጠር ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። አብሮዎት የተቀመጠ ሰው ኳስ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ጥሩ መማሪያ ናቸው። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ሕግ ለእናቴ ያስረዳኋት በሲኒ ነው። ሁለት ሲኒ በአንድ ጫፍ አቆምኩ፤ አንዱ በረኛ፣ ሌላው የመጨረሻው ተከላካይ። ሦስተኛውን ሲኒ አጥቂ አድርጌ፣ ስኳር ማንኪያውን ኳስ አልኩት። ማንኪያው በተለቀቀበት ቅጽበት የአጥቂው ሲኒ በተጋጣሚው ሜዳ ውስጥ ሆኖ ከማንኪያውም፣ ከጫፍ ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይም አልፎ ለጎሉ ከቀረበ ያ ቦታ ከጨዋታ ውጪ ነው፤ እኩል ከሆነ ግን አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ መስመር ዳኛው ባንዲራውን ሳያነሳ እርሷ ቀድማ "ወጥቷል" ትላለች፣ ብዙውን ጊዜም ትክክል ናት።

የአገራችንን ሊግ ማየት የሚሹም አይጉደልባቸው፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ ስለ ክለቦቻችን የምናወራው በወሬ ሳይሆን በዓይናችን አይተን ሆኗል።

ጨዋታው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። የሚቀጥለው ጨዋታ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያጥፉት። ውጡና እስከ መናፈሻ ወይም እስከ ቧንቧ ውሃ ድረስ ተራመዱ፣ እግራችሁን አፍታቱ፣ የሚገናኙትን ሰላም በሉ። ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይራመድ ፊልም ፊት ቢቀመጥ በፊልሙ አጋማሽ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ፊልሙ

ፊልም ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ዝናውን ሳይሆን አብረው የሚቀመጡትን ሰዎች ነው። ቤት ውስጥ የውጭ ቋንቋ የማይሰሙ ወይም ከሥር የሚጻፈውን ለማንበብ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ካሉ፣ የአማርኛ ፊልም ወይም ወደ አማርኛ የተተረጎመ ይሁን፤ አንዱ እየሳቀ ሌላው "ምን አለ?" እያለ የሚጠይቅበት ምሽት ለማንም አይጥምም። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ በተጀመረበት ዘመን ሰዉ አዳራሹን "የሰይጣን ቤት" ይለው እንደነበር ለልጆች ሲነገራቸው ይገርማቸዋል፤ ዛሬም ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ዝም ብለው ሥዕል ማየት ስለማይመቻቸው አንድ ትንሽ መብራት በርቶ ይቆይላቸው።

ቀጥሎ ርዝመቱን ያረጋግጡ። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" ለምሳሌ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ በተካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ከባድ ፊልም ስለሆነ በደከመ አእምሮና በመሸ ሰዓት አይጀመርም። ከምሽቱ 2፡00 ላይ ከተጀመረ ከ5፡00 በፊት አልቆ ለወግ ጊዜ ይተርፋል። ሌሊት ለቅዳሴ የሚነሳ ሰው ባለበት ቤት ግን የቅዳሜውን ምሽት ትቶ ፊልሙን ወደ እሑድ ከምሳ በኋላ ማዛወር ይሻላል። ተከታታይ ድራማ ለዚህ ቀን አይምረጡ፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚያበቃው ልብ አንጠልጥሎ በመሆኑ "አንድ ብቻ" ብሎ የጀመረ ሰው ጎህ ሲቀድ ያገኘዋል።

ፊልሙ ሲጀመር ስልኮች ሁሉ ወደ አንድ ሳህን ወይም ሌማት ይግቡ። መጀመሪያ ሰው ያጉረመርማል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይለምደዋል። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሁሉም ተጠጋግቶ ያያል፤ እንዲህ ያየናቸው ፊልሞች በእኛ ቤት ይበልጥ የምናስታውሳቸው ናቸው። ሲያልቅ ወዲያው ተነስቶ ከመተኛት ይልቅ እያንዳንዱ ሰው ያልረሳውን አንድ ትዕይንት ይናገር። ልጆች የሚመርጡት ትዕይንት አዋቂው ሳያስተውለው ያለፈው መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከቤት ወጥቶ በአዳራሽ ማየት ለሚፈልግ፣ ደሴ የወሎ ባህል አምባ ያላት ከተማ ናት፤ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚቀርብ ዓርብ ሄደው ወይም ደውለው ይጠይቁ። ትያትር ቢሆንም ከፊልም አያንስም።

እሑድ

የእሑድ ጠዋት ለሩጫ ነው። ታላላቆቹ የማራቶን ውድድሮች አብዛኞቹ የሚካሄዱት እሑድ በመሆኑ ለእኛ የተሰጡ ያህል ናቸው። የበርሊን ማራቶን በመስከረም አጋማሽ፣ ብዙ ጊዜ በመስቀል ሰሞን፣ በእኛ ከጠዋቱ 4፡15 ላይ ይጀመራል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ቁርሱን እየበላ ያየዋል። የቺካጎው በጥቅምት መጀመሪያ ከቀኑ 9፡30 ላይ ነው። ብዙ ሰው ማራቶንን የሚያየው የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ወጡን ትቶ እንጀራውን ብቻ እንደመብላት ነው። ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 25 ኪሎ ሜትሮች በሥራ መካከል እየተመላለሱ ቢያዩ ምንም አይደለም፤ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ከወንበርዎ አይነሱ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ ብርሃኑ ለገሰ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ጨምሮ ቀነኒሳ በቀለን ጥሎት ሲሄድ ብዙዎች ቀነኒሳ አለቀለት ብለው ነበር። እርሱ ግን ቀስ በቀስ መልሶ ደረሰበት፣ አለፈው፣ በ2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድም አሸነፈ፤ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የለየው 2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በዚያው ጎዳና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ቤታችን በእልልታ ተሞልቶ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

ሩጫ ሲያዩ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ የሚታየውን ሰዓት መዝግበው ከቀደመው 5 ኪሎ ሜትር ጋር ሲያስተያዩት፣ ሩጫው መቼ እንደተፋጠነና ማን እንደሚቀር አስተያየት ሰጪው ሳይናገር ያውቁታል። የ10,000 ሜትር ውድድር ከሆነ 25 ዙር ነው፤ የየዙሩን ሰዓት መመዝገብ ለልጆች ይስጡ። ሒሳብ የሚጠላ ልጅ እንኳ ስልሳ ሁለትንና ስልሳ አምስትን እያስተያየ ሲጮህ ሰምቻለሁ።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ከሌለ ቴሌቪዥኑን ትተው ወደ ሆጤ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሜዳ ይሂዱ። የሰፈር ልጆች የሚጫወቱት ኳስ ቀርበው ሲያዩት የተጫዋቹ ትንፋሽና የእግሩ ድምፅ ይሰማል፣ በዚህ ከፍታ ላይ ኳስ መጫወት ምን ያህል ሳንባ እንደሚጠይቅም ይታያል። የሚታይ ሩጫ በሌለበት እሑድ ሌላው አማራጭ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ስለሆነች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገባሉ፤ የእሑዱን የመጀመሪያ ጨዋታ እዚያ ዘመድ ቤት፣ ግቢ ውስጥ በጥላ ሥር ተቀምጦ ማየት ከደሴው ፍጹም የተለየ ደስታ ነው። ይህን ካደረጉ ጋቢዎን ሳይረሱ ይዘው ይሂዱ፤ ሲመለሱ ያስፈልግዎታል። ሁለተኛውን ጨዋታ ግን አይጠብቁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉምና በጨለማ መውጣት ለማንም ኳስ ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም።

እሑድ ማታ ቤት ሲደርሱ የዲኮደሩንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ይንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል የሚያቃጥለው ሁልጊዜ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደተነቀለ ቢቆይም ምንም አይቀርብዎትም። ከዚያ ሲኒዎቹን አጥበው፣ ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ወረቀት አውልቀው፣ በጀርባው የሚመጣውን ሳምንት አንድ ጨዋታና አንድ ፊልም ይጻፉበት።